እግሬ ቀድሞኝ የገባበት ስብሰባ

ሰው ሁሉ አንድ የማይረባ አመል አያጣም። አንዱ ኳስ ካላየ ያመዋል፤ አንዷ የጎረቤቷን ወጥ ከሩቅ ሳታሸት ቀኑ አይመሽላትም። የእኔ አመል ባዶ ቤት ነው። ልከራየው ወይም ልገዛው እንዳይመስላችሁ፤ ፎቶ ላነሳው ነው። ባለቤቱ ጥሎት የሄደ ቪላ፣ መስኮቱን ሐረግ የዋጠው መጋዘን፣ ጎማው ተፈትቶ በድንጋይ ላይ የቆመ አውቶቡስ ባየሁ ቁጥር፣ ሌላው ሰው ቆንጆ ሲያይ እንደሚሆነው እሆናለሁ። አንገቴ ይዞራል፣ አፌ ይከፈታል፣ የወጣሁበትን ጉዳይ እረሳለሁ።

ለዚህ ጥፋተኛው ሥራዬ ይመስለኛል። የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ነው። ከጠዋት እስከ ማታ «ከምግብ በፊት፣ ከምግብ በኋላ» ስል እውላለሁ። ፊቴ ላይ የሚያስል አለ፤ ሽሮፑን እዚያው ቆሞ ከጠርሙሱ ቀምሶ «ይሄ አይጣፍጥም፣ ሌላ አምጣ» የሚል አለ። ታዲያ በሳምንት አንድ ቀን የማያስል ነገር ማየት ቢያምረኝ ይፈረድብኛል? ባዶ ቤት አያስልም። ማዘዣ አይዘረጋም። ዝም ብሎ ይፈርሳል።

እናቴ ግን ትፈርድብኛለች። ሰው በሰው ላይ በተነባበረበት ከተማ ሰው የሌለበትን ፍለጋ ከምትዞር፣ ሰው የምትሆንህን ፈልገህ ለምን አታገባም ትለኛለች።

እሷንም ቢሆን አግኝቼ ነበር። ሰናይት ትባላለች። ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ የተዋወቅነው አንድ ማዘዣ ማንበብ አቅቶኝ ስልክ ደውዬ ስንጨቃጨቅ ነው። ሁለት ዓመት ከተጨቃጨቅን በኋላ እንጋባ አልን። እናቷ ዐርፋለች። አባቷ ጋሽ ተካልኝ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው፤ አዲሱ ገበያ አካባቢ የሰፈሩ እድር ዳኛም ናቸው። በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ያለ ደንቡ ልጅ ወደ ቤታቸው ከመጣ በመዶሻ ይሸኙታል ስላለችኝ፣ ደንቡን አክብሬ ከሩቁ ነበርኩ። ሽማግሌ ሊላክ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰናይት አስጠነቀቀችኝ። የሽማግሌው ነገር እስኪያልቅ ድረስ ባዶ ቤት የሚባል ነገር የለም፣ እግርህን ሰብስበህ ተቀመጥ አለችኝ።

ሰበሰብኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ሰበሰብኩ።

በሰባተኛው ቀን የሆነውን ከመናገሬ በፊት ስለ ቤቱ ልንገራችሁ። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ሽቅብ ስትወጡ፣ በስተግራ የቆርቆሮ አጥር ያለው አንድ አሮጌ ቤት አለ። ወራሾቹ ተካሰው ፍርድ ቤት ከገቡ ብዙ ዘመን ሆኗል። ጣሪያው ግማሹ ተገንጥሏል። በረንዳው ላይ ቁጥቋጦ በቅሏል። ከታክሲ መስኮት ሳየው ልቤ ዘለለ። «ወራጅ» አልኩ፤ መውረጃዬ ግን ገና ሦስት ፌርማታ ይቀረው ነበር።

አጥሩ ሥር እትዬ አስካለ የሚባሉ ሴት ቆሎ ይሸጣሉ። ቆሎ ገዛሁና እንደ ዋዛ ስለ ቤቱ ጠየቅኳቸው። ሰው እንደማይኖርበት፣ ግን እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ከውስጡ ድምፅ እንደሚሰማ ነገሩኝ። ምን ዓይነት ድምፅ አልኳቸው። የብዙ ሰው ጉርምርምታ፣ አንዳንዴ ቁጣ፣ አንዳንዴም እንደ ለቅሶ ያለ አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ቆሏቸውን በጣሳ እየሰፈሩ ነው፣ ፊታቸው ላይ ምንም ነገር የለም። እኔ ግን ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆመ። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ መንገዱን ይቀይራል። እኔ እሁድ መቼ ይደርሳል ብዬ ቀን እቆጥር ጀመር።

እሁድ ደረሰ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። ለሰናይት ልብስ አጥባለሁ ብያታለሁ። እውነትም አንድ ካልሲ አጥቤ ነበር፤ ሲደርቅ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ እንዳለው አየሁና፣ በባዶ ቤት ማን ያየኛል ብዬ እሱኑ አደረግሁት።

በመስኮቱ ገባሁ። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ግማሽ መስታወት ተሰቅሏል። ጥግ ላይ አንድ የሴት ጫማ ለብቻው ቆሟል። እርግብ ቁም ሣጥን ውስጥ ጎጆ ሠርታለች። በተገነጠለው ጣሪያ የገባው የፀሐይ ብርሃን ደግሞ በትልቁ ክፍል የጣውላ ወለል ላይ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ትንፋሼን ይዤ አነሳሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሃያ። ወለሉን ብቻ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አላውቅም። በዕድሜዬ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ያኔ የተገኘ ነው።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት።

ከእግሬ ሥር ነው የሚመጣው። ጉርምርምታ። ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚያጉተመትም ይመስላል። የተሰማኝ ደስታ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ተንበርክኬ ጆሮዬን ወለሉ ላይ ለጠፍኩ። አንድ ወፍራም ድምፅ ስለ ዝሆን ሲናገር ሰማሁ። መንፈስ ስለ ዝሆን ምን አገባው ብዬ ተነሳሁና፣ ብርሃኑን ከነመስታወቱ በአንድ ላይ ላስገባ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ።

ወለሉ «ቋ» አለ።

ሰው ልጁን ታቅፎ ሲወድቅ ልጁን ወደ ላይ እንደሚያነሳ፣ እኔም ካሜራዬን ወደ ላይ ይዤ ወረድኩ። ቀኝ እግሬ እስከ ታፋዬ ገባ። ግራው ከላይ ታጥፎ ቀረ። ድስት ላይ እንደተከደነ ክዳን ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች ጉርምርምታው ቀጥ አለ። የገባው እግሬ ደግሞ በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ይወዛወዛል፤ ጫማዬ የለም።

ጉለሌ አገሩ ዳገት ነው። በላይኛው መንገድ ምድር ቤት ብላችሁ የገባችሁበት ለታችኛው መንገድ ሰው ፎቅ ነው። እኔ በላይኛው መንገድ መጥቼ የተበላሸውን አየሁ፤ ከሥሩ በድንጋይ የተሠራ አንድ ደህና ክፍል እንዳለና በሩ በታችኛው ቅያስ እንደሚከፈት አላየሁም። ያን ክፍል ወራሾቹ ተስማምተው ለሰፈሩ እድር ሰጥተውታል። ከሁሉ ነገር በላይ የገረመኝ እነዚያ ወራሾች የተስማሙበት ነገር መኖሩ ነው።

ከታች የሆነውን ኋላ ከብዙ አፍ አሰባስቤ ነው የተረዳሁት። እድሩ ስብሰባ ላይ ነበር። አጀንዳው ደግሞ ኮርኒሱ፣ ማለትም እኔ የቆምኩበት ወለል ነው። ጸሐፊው ኮርኒሱ በስብሷል፣ አንድ ቀን ሰው ላይ ይወርዳል፣ ከዚህ ቤት እንውጣ ይላሉ። ዳኛው ይህን ኮርኒስ በጉልምስናዬ በእጄ የመታሁት ነው፣ ጣውላውን መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ ይላሉ። ሦስት እሁድ በዚህ ተከራክረዋል። በአራተኛው እሁድ ዳኛው ተነስተው ጠረጴዛውን መቱና «ይህ ኮርኒስ እንኳን ሰው ዝሆን ይሸከማል» አሉ።

በዚህን ጊዜ እግሬ ገባ።

ጫማዬ ቀድሞ ወርዶ የጸሐፊው መዝገብ ላይ አረፈ። ቀጥሎ አቧራው። ከዚያ እግሬ፣ በተቀደደው ካልሲ አውራ ጣቴ ብቻውን ብቅ ብሎ ጉባኤውን ይመለከታል።

ከተሰብሳቢዎቹ መካከል እማሆይ የሚሏቸው አንዲት አሮጊት መነኩሲት ነበሩ። እርኩስ መንፈስ ነው ብለው ከቦርሳቸው ጠበል አውጥተው እግሬ ላይ ረጩ። የእንጦጦ ጠበል ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሳላስበው ተፈራገጥኩ። እማሆይም ይኸው ሊለቀው ነው፣ እየተፈራገጠ ነው ብለው ጨምረው ረጩ።

ጸሐፊው የረጋ ሰው ናቸው። እግሩ ካልሲ ማድረጉን አስተዋሉና፣ ሰይጣን ካልሲ ሲያደርግ ተሰምቶ አይታወቅም፣ ይህ የእድሩን ድስት ሊሰርቅ የመጣ ሌባ ነው አሉ። ወዲያው ሌላ ክርክር ተነሳ። ገሚሱ ፖሊስ ይጠራ አለ። ገሚሱ መጀመሪያ እግሩ ይውጣ አለ። ይውጣ ከሚሉት ደግሞ ገሚሱ ከላይ ይገፋ፣ ገሚሱ ከታች ይሳብ አለ። እኔ ከላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ዝም ያልኩት እግሬን ቶሎ ነቅዬ ፊቴን ሳያዩኝ ላመልጥ ስለፈለግሁ ነው፤ እግርን ማን ለይቶ ያውቃል? ግን የተሰበረው ጣውላ ጫፉ ወደ ታች ስለሆነ፣ ወደ ላይ በሳብኩት ቁጥር ታፋዬን ይነክሰኛል።

ከዚያ አንዱ ተሰብሳቢ «እንግዲህ ዳኛው ጋሽ ተካልኝ ይወስኑ» ሲል ሰማሁ።

አዲሱ ገበያ፣ እድር፣ ዳኛ፣ ተካልኝ። ጥርጥር የለውም። በደንቡ መሠረት ሦስት ሽማግሌ ልልክላቸው የሚገባኝ ሰው ፊት፣ በአንድ እግሬ ብቻ፣ ያውም በቀዳዳ ካልሲ ቀርቤያለሁ። መሞት አማረኝ። እድሩ በቅርብ መሆኑ ለዚያም አመቺ ነበር።

ሁለት ሰዎች ቁርጭምጭሚቴን ያዙና መሳብ ጀመሩ። እንግዲህ ነፍስ ከኩራት ትበልጣለች። እባካችሁ አትሳቡ ብዬ ለመንኳቸው። እጆቹ ወዲያው ለቀቁኝ። ከታች እማሆይ እግሩ በአማርኛ ተናገረ ሲሉ ሰማሁ።

ጥቂት ቆይቶ የላይኛው አጥር ቆርቆሮ ተንኳኳና ሁለት ሽማግሌዎች በመስኮት ገቡ። አንደኛው መዝገብ ያቀፉት ጸሐፊ ናቸው። ሌላው ረዥም፣ ቀጭን፣ በእሁድ ቀን እንኳ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ። እጃቸው ላይ መጋዝ አለ። ዓይናቸው የሰናይት ዓይን ነው።

ጋሽ ተካልኝ ዙሪያዬን ዞሩኝ። ሊታረቅ ይችል እንደሆነ እንደሚታይ የጠመመ በር አዩኝ። ከዚያ ምን ልትሠራ መጣህ አሉኝ።

«እግር ጥሎኝ ነው፣ አባቴ» አልኩ።

«እሱንስ አይተነዋል» አሉ።

ስሜን ጠየቁኝ። የክርስትና ስሜን ነገርኳቸው። ውሸት አይደለም፤ እግዚአብሔር የሚያውቀኝ በሱ ነው፣ እሳቸው ደግሞ በሱ አያውቁኝም። ፎቶ አንሺ መሆኔን፣ ቤቱ ባዶ መስሎኝ መግባቴን አስረዳሁ። ጸሐፊው ግን ለእኔ ግድ የላቸውም። መዝገባቸውን ገልጠው፣ ፊቴ ቆም ብለው በሚያምር ድምፅ፣ እንግዲህ የጣውላው መበስበስ በዓይን ስለታየ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አሉ።

ቀና ብዬ ጋሽ ተካልኝን አየኋቸው። ጎንበስ ብለው ከስብራቱ አንድ ቁራጭ ጣውላ አንስተው ነበር። ቁራጩ በጣቶቻቸው መካከል እንደ ብስኩት ፈረሰ። እጃቸውን ቶሎ ጨበጡት። ከተጨበጠው እጃቸው ዱቄት እየፈሰሰ ነው፤ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። የአንድ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ሥራ በዓይኔ ፊት ሲፈርስ፣ ታፋዬን የሚነክሰኝን ነገር ረሳሁት።

«ጣውላው ጥፋት የለበትም» አልኩ ለጸሐፊው። «እኔ ዘልዬበት ነው።»

ጸሐፊው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። ለምን ዘለልክ አሉኝ። ውሸት አንዴ ከጀመራችሁት ማቆሚያ የለውም፤ ደስ ብሎኝ ነው አልኩ። ብቻህን ነው የዘለልከው? ብቻዬን። ስንት ጊዜ? ሦስት ጊዜ፣ ሁለቱን ጣውላው ችሎታል፣ የተሰበረው በሦስተኛው ነው አልኩ። ጸሐፊው ቅር እያላቸው ጻፉ። ያ መዝገብ ዛሬም አለ። «ማንነቱ ያልታወቀ ፎቶ አንሺ ብቻውን በደስታ ሦስት ጊዜ በመዝለሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለበት።

ጋሽ ተካልኝ ተንበርክከው መጋዙን ከታፋዬ ጎን አስገቡና አትንቀሳቀስ አሉኝ። እንኳን ልንቀሳቀስ አልተነፈስኩም። ለልጃቸው ሽማግሌ ልልክ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ፣ የልጅቱ አባት ከታፋዬ አንድ ጣት ርቀት ላይ መጋዝ ይስባሉ። ልጅቱን የምወድ መሆኔን ያን ጊዜ ቢነግሯቸው ምን ያደርጉ ነበር እያልኩ አስብ ነበር።

ነጻ ወጣሁ። ታች ወስደው አስቀመጡኝ፤ እማሆይ ቁስሌን አጠቡልኝ፣ ጫማዬን ራሳቸው አምጥተው አጠለቁልኝ። እያነከስኩ በላይኛው መንገድ ስመለስ እትዬ አስካለ ቆሏቸው ጋር ናቸው። ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው። ድምፅ ይሰማል ብዬሃለሁ፣ የማን ነው ብለህ አልጠየቅህ አሉኝ።

ማታ ለሰናይት ደውዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። መጀመሪያ ልብስ ማጠቡን ጠየቀችኝ፤ አንድ ካልሲ ስላት ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ስቃ ስቃ ሲወጣላት ድምፅዋ ተለወጠና «አባቴ ዛሬ ከስብሰባ ብቻውን እየሳቀ ገባ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም» አለችኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው ሄዱ። እኔ እንደ ደንቡ ከቤቴ ሆኜ ጥፍሬን ስበላ ነበር፤ ሲመለሱ ነው የነገሩኝ። የቤተሰቤን ጨዋነት፣ የሥራዬን ንጽሕና፣ የጠባዬን ለስላሳነት እየተቀባበሉ አወደሱ። ጋሽ ተካልኝ የልጁ ፎቶ ካለ ብለው ጠየቁ። ትልቁ ሽማግሌ ከስልካቸው አሳዩዋቸው። ጋሽ ተካልኝ ረዥም ጊዜ አዩትና ስልኩን መለሱ።

«ከጉልበቱ በታች ያለውን አውቀዋለሁ» አሉ። «ስለቀረው ንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ ነገሩ አልገባቸውም። የአገር ቤት ተረት መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሁለት ሳምንት ተመለሱ ተባሉ፤ ሲመለሱ እሺ ተባሉ።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ስጠራ ጋሽ ተካልኝ ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ያን ቀን ያነሳኸውን አሳየኝ አሉኝ። ካሜራውን ሰጠኋቸው። አንድ በአንድ አለፉት። የወለሉ ፎቶ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አደረጉ። ብርሃኑ በጣውላው ላይ ተኝቷል፤ በብርሃኑ ውስጥ ምስጥ የበላው ቀዳዳ ሁሉ አንድም ሳይቀር ይቆጠራል። ያ ነው እንግዲህ የዕድሜዬ ምርጥ ፎቶ። ለማን አሳየኸው አሉኝ። ለማንም አልኩ። ጣቴን ላጠፋው ሰደድኩ።

እጄን ያዙኝ። «አታጥፋው። እኔ ስሞት ለእድሩ ታሳያቸዋለህ። እስከዚያ ኮርኒሱ ጤነኛ ነው።»

ሁለት ክረምት ሙሉ መበስበሱን ያውቁ ነበር። ሰው ይጎዳል ብለው ሌሊት ይጨነቃሉ፣ ቀን ደግሞ አፋቸው እሺ አይላቸውም። ስለዚህ ተማከርን። በየቅዳሜው ጸሐፊው ገበያ ሲሄዱ ጠብቀን፣ እኔ ጣውላ ተሸክሜ፣ የሰባ ዓመቱ አማቼ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ሁለታችንም በመስኮት እንሾልካለን። የበሰበሰውን እያወጣን አዲሱን መታን። መዶሻ እንዳይሰማ ምስማሩን በጨርቅ ላይ ነው የምንመታው። ሥራው እንዳለቀ የተደረገው ስብሰባ ኮርኒሱን መርምሮ ደህና መሆኑን ያለ ተቃውሞ አጸደቀ፤ ጸሐፊው ብቻ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ።

ገና ስንሠራ በሦስተኛው ቅዳሜ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ጋሽ ተካልኝ ሥራቸውን አቁመው ግማሹ መስታወት ፊት ቆመዋል። ይቺ ሴት አንድ ጫማዋን ትታ በምን ሄደች አሉኝ። አላውቅም አልኩ። ጫማውን ወደ ብርሃኑ ትንሽ ጠጋ አድርገው፣ ከዚህ ጋ ብታነሳው ጥላው ይረዝማል አሉኝ። ልክ ነበሩ። በአራተኛው ቅዳሜ ሥራው አልቋል፤ እሳቸው ግን መዶሻም ሳይዙ መጡ።

ባለፈው ሳምንት ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ሰናይት ማን ሞተ ብላ ተነሳች። አባቷ ናቸው። ሸጎሌ ከከብት ተራው ማዶ ብዙ ዘመን የተዘጋ ወፍጮ ቤት አለ ሲሉ ሰምተዋል፤ በምሥራቅ በኩል ግድግዳው ተደርምሷል አሉኝ። ሰናይት ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ አንዱን ላስተወው ስል ሁለት ሆናችሁብኝ ብላ ዞራ ተኛች።

ስደርስ በሩ ላይ ቀድመውኝ ነበር። ከኋላዬ ሁን፣ ሳትፈትን አትርገጥ ብለው አስጠንቅቀውኝ ገቡ። እኔ ሌንሴን እየጠረግሁ ደጃፉ ላይ ዘገየሁ። ከውስጥ፣ ከጨለማው፣ ያ ወፍራም ድምፃቸው ጠራኝ።

«ቶሎ ና፣ ልጄ። ብርሃኑ ሊያልፍህ ነው።»